ተቆጣጣሪው የት ያድራል?

ዳንግላ ስትነሣ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ገበያዋና የአገው ፈረሰኛ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል ነበራት ቢባል ብዙው ይስቃል። ነበራት እንጂ! ሜጀር ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ያደረገው እዚችው ከተማ ነው። የጣናን ዳርቻ ዞረ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ወረደ፣ ካርታ አነሣ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተመ።

እንግሊዝ ዳንግላ ላይ ሰው ያስቀመጠችው ለአየሩ ብላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንግሊዝና ሱዳን ሳይስማሙበት እንዳይሠራ ተጽፎ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካ ድረስ ሄደው የጣናን ግድብ ነገር ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ሲነጋገሩ ለንደን የደነገጠችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሉ በለንደን መዝገብ ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ ውኃው ግን የሚፈሰው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ሰውም በዚህ በኩል ተቀመጠ።

ይህን ማንሣቴ ቆንስሉን ለማመስገን እንዳይመስልባችሁ። የባዕድ መንግሥት ውኃችንን ሲለካ መኖሩ የሚያስቆጭ ታሪክ ነው። ነገር ግን አንድ ትምህርት አለበት፤ ጉዳዩ ከልቡ የሚያሳስበው ወገን ሰው ልኮ እዚያው ያኖራል፤ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ አይመለስም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ከቀጣዮቹ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተነሣ። በመስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። መንገዱ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሶቺ ላይ የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ስለ ሜጋዋቱ ብዙ ይወራል። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ በአዘቦቱ ቀን፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣ ማን አጠገቡ ይቆማል የሚለውን ግን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም ምን ያህል እንዳስከፈለ እንመልከት።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አንድ ኮሚሽን ነበር፤ የአቶሚክ ኃይል እንዲስፋፋ ይገፋል፣ እሱው ደግሞ ይቆጣጠራል። ለጅብ ሥጋ አደራ ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ኮሚሽኑ ተከፈለና የቁጥጥሩ ሥራ ለብቻው በጥር 1975 ሥራ ጀመረ። ሁለት ወር አልፎት ጥቂት ቀን ሲሆነው በመጋቢት 22 አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በሚባለው ጣቢያ እሳት ተነሣ። መነሻው ምን ቢባል ጥሩ ነው? ሻማ! ሠራተኞቹ በኬብል ማለፊያው ቀዳዳ አየር እንዳይሾልክ በስፖንጅ ይደፍኑና መድፈናቸውን የሚያረጋግጡት የሻማ ነበልባል አስጠግተው ነበር። ስፖንጁ ተያያዘ፤ ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተቃጠሉ። እንዲህ ያለው ነገር በፕላን ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሠራተኛው ሻማውን ሲያበራ በቦታው ለተገኘ ሰው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በተባለው ጣቢያ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ሪአክተሩ የሚሠራው ከሙሉ ኃይሉ ከአሥር አንድ እጅ ባነሰ ነበርና፣ ተረኞቹም በሃያ ደቂቃ ገደማ ስለነቁበት ጉዳት ሳያደርስ አለፈ። ጄምስ ክሬስዌል የተባለ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ግን ነገሩን አልተወውም። አለቆቹን ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ተመላለሰ፤ ሰሚ አጣ። በመጨረሻ አለቆቹን አልፎ ከሁለት ኮሚሽነሮች ጋር ተገናኝቶ አቤት ያለው በመጋቢት 22 ቀን 1979 ነው። በስድስተኛው ቀን፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ሁለቱም ሪአክተሮች የአንድ ፋብሪካ ሥሪት ናቸው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው መብራት የሚያሳየው ቫልቩ ዝጋ የሚለው ትእዛዝ እንደተላከለት እንጂ መዘጋቱን አልነበረም። የመጠባበቂያው ውኃ ቫልቮችም ተዘግተው ቆይተው የተገኙት ከስምንት ደቂቃ በኋላ ነው። መፍሰሱ የቆመው ከሁለት ሰዓት በላይ አልፎ ነው፤ የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚከነክነኝ ያ የስድስት ቀን ልዩነት ነው። እውቀቱ እኮ ነበር!

ነዋሪ ተቆጣጣሪ የሚባለው ሥርዓት ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ በየጣቢያው ተዳረሰ። ይህ ሰው ደመወዙን የሚያገኘው ከመንግሥት እንጂ ከጣቢያው አይደለም። ቢሮው ግን በጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት የተረኛውን መዝገብ ያነባል፣ የፈረቃ ርክክቡን ይሰማል፣ ክፍት መሆን የሚገባው ቫልቭ ክፍት መሆኑን ሄዶ በዓይኑ ያያል፤ ሳይጠሩት፣ ሳያስፈቅድ፣ አንዳንዴም በሌሊት።

ይሁንና መኖር ብቻውን አይበቃም። ጃፓንም በጣቢያ የሚቀመጡ ተቆጣጣሪዎች ነበሯት። ነገር ግን መሥሪያ ቤታቸው የኑክሌር ኃይልን በሚያስፋፋው የኢኮኖሚና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር። በመጋቢት 2011 የፉኩሺማ ጣቢያ በሱናሚ ሲመታ ተቆጣጣሪዎቹ ጣቢያውን ለቀው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ማዕከል ሄዱ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ሲል ፈረደ፤ ተቆጣጣሪው ለተቆጣጠረው ኩባንያ ማደሩንም በግልጽ ጻፈ። አዲሱ የቁጥጥር ባለሥልጣን የተቋቋመው በመስከረም 2012 ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በመስከረም 1950 ዓ.ም. ነው፤ ኤጀንሲው በተቋቋመ በወራት ውስጥ ማለት ነው። ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ቆመ፤ ሕጉ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ 571 ተሻሻለ፤ በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1025 ደግሞ «ኑክሌር» የሚለው ቃል በአዋጁ ርእስ ላይ ገባ። ባለሙያዎቻችን በእነዚህ ዓመታት የሠሩት ሥራ የሚናቅ አይደለም። የየሆስፒታሉ የራጅ ክፍል፣ የጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና፣ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ወንዱ በጨረር የሚመክንበት ጣቢያ፣ ሁሉም ፈቃድና ፍተሻ ይሻሉ። የራጅ ሠራተኛ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት የጨረር መለኪያም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘች ናት።

ችግሩ የሥራው ዓይነት ይለያል። የራጅ መሣሪያ ከግድግዳው ሲነቀል ያርፋል፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ ለክቶ ቢመለስ ይበቃዋል። ሪአክተር ግን ከጠፋም በኋላ ይሞቃልና የማያቋርጥ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም። ለእሱ የሚያስፈልገው ተመላልሶ የሚፈትሽ ሳይሆን እዚያው የሚኖር ሰው ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የቁጥጥር ባለሥልጣናቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 አቋቁመው የባራካህ የመጀመሪያ ሪአክተር ኃይል የሰጠው በ2020 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ገንዘብ ያልቸገረው አገር እንኳ ሰው ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተደረሰው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነትም አልሚውና ተቆጣጣሪው የተለያዩ ይሁኑ ይላል፤ እኛም ዘንድ የኑክሌር ኃይል ኮሚሽኑ ልማቱን ሲመራ፣ ቁጥጥሩ የራሱ በጀትና የራሱ አንደበት ያለው ሌላ ቤት ሊኖረው ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው ደንብ ነዋሪ ተቆጣጣሪ በአንድ ጣቢያ ከሰባት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይከለክላል፤ ከሰዎቹ ጋር እንዳይላመድ ነው። በእኛ አገር ሰባት ዓመት ይበዛ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪው በሁለተኛው ዓመት ከጣቢያው ሰዎች ጋር ማኅበር ይጠጣል፣ እድር ይገባል፤ በሦስተኛው የፈረቃ ኃላፊውን ልጅ ክርስትና ያነሣል። ታዲያ በአራተኛው ዓመት፣ ቫልቩ ተዘግቶ ባገኘው ሌሊት፣ በአበልጁ ላይ ሪፖርቱን እንዴት አድርጎ ይጽፋል?