ጓዳ የገባው ስልክ

የስልክ ታሪክ በአገራችን የሚጀምረው በገመድ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ተጀመረ፤ ካህናቱም ያን ከሽቦ የሚወጣ ድምፅ የሰይጣን ሥራ አሉት እየተባለ ይተረካል። እኔን ግን የሚስበኝ የገመዱ መቆረጥ ነው።

ከሐራ ወልድያ ወጥቶ ቴሌ ደጃፍ ተራ የጠበቀ ሰው፣ የቤቱን ምሥጢር በሰው ፊት ይጮኽ ነበር። የሳሎን ስልክም ቢሆን (እንግዳ ሲኖርማ!) ከዚያ እምብዛም አይሻልም። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ገመድ አልባው ስልክ ሲገባ፣ መቀመጫው ከስልኩ መስመርና ከመብራት ተሰካ፤ እጀታው ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ሲሞላ አደረ። ከዚያ ወዲያ አክስቴ ከሐራ የሚመጣላትን ወሬ ይዛ ጓዳ ትገባ ጀመር። የሚለቀሰውንም እዚያው አልቅሳ ትወጣለች።

መብራት ሲጠፋ ግን መቀመጫው ይሞታል፤ እጀታውም ዝም ይላል። ባለገመዱ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ በዚያው ሽቦ ስለሚቀበል በጨለማም ይጮኻል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በአካል፣ ማለዳ ነው፤ «ታመዋል» የሚለው ቃል ግን ሌሊትም በስልክ ይመጣል። ስለዚህ አክስቴ አሮጌውን አልጣለችውም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አውጥታ ትሰካው ነበር።