የዝገት ማጣሪያ፦ ብረትና የተበከለ ውሃ

ለገሃር ስሙን ያገኘው «ባቡር ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጣቢያው ሕንጻ ደግሞ በ1929 ተመረቀ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ባቡር ብዙ ብረት ያለበት ሥራ ነው፤ ብረት ባለበት ደግሞ ዝገት አይቀርም። ለባቡር ሠራተኛ ዝገት ጠላት ነው። በዚያው ዝገት ውሃን ማጣራት እንደሚቻል ግን ሐዲዱ አዲስ አበባ ከመድረሱ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አስቀድሞ በአውሮፓ ተሞክሮ ነበር።

በ1881 የቤልጂጉ የአንትወርፕ ከተማ የውሃ አገልግሎት ከኔቴ ወንዝ የቀዳውን ቆሻሻ ውሃ አንድ እጅ ስፖንጅ መሰል ብረት ከሦስት እጅ ጠጠር ጋር በተቀላቀለበት ማጣሪያ ያሳልፍ ጀመር። ዘዴው የጉስታቭ ቢሾፍ ነበር። ውሃው ጠራ፤ ማጣሪያው ግን ብዙም ሳይቆይ ተደፈነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ መሐንዲሱ ዊልያም አንደርሰን በ1885 ብረቱ እየተገላበጠ ውሃውን የሚነካበት ተሽከርካሪ በርሜል ተካበት። በኋላ ሌሎች የማጣሪያ ዘዴዎች ተስፋፉና የብረቱ ዘዴ ተረሳ።

ዳግም የታሰበው በ1990ዎቹ ነው። በ1996 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ኤልዛቤት ሲቲ፣ ከብረታ ብረት መለበጫ ክፍል ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የገባውን ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ለመግታት 46 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቅንጣት ግድግዳ ተቀበረ። ብረቱ ሲዝግ የሚለቃቸው ኤሌክትሮኖች መርዛማውን ክሮሚየም ወደ ትራይቫለንት ይለውጡታል፤ ይህም ከዝገቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በባንግላዴሽ ደግሞ አቡል ሁሳም ለአርሴኒክ የሠሩት የቤት ውስጥ ማጣሪያ በ2007 የግሬንጀርን ሽልማት አግኝቷል።

ጉዳዩ ለሐኪሞቻችን ሩቅ አይደለም። ከመካከለኛው አዲስ አበባ የሚወርዱት ወንዞች የሚገቡት ወደ አቃቂ ነው፤ ቆዳ ፋብሪካዎችም በክሮሚየም ጨው ይሠራሉ፤ በወንዙ ውሃም ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ጀርምን እንጂ ብረታ ብረትን አያስወግድም። የብረት ማጣሪያም ቢሆን መርዙን ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ያገለገለው ብረት የትም ከተጣለ ክሮሚየሙና አርሴኒኩ አብረውት ይጣላሉ።