የብራዚል መረብ ኳስና የፕሬዚዳንቱ ወንበር

የስፖርት ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሚወሳው የተጫዋቹ ጉልበት፣ የአሠልጣኙ ብልሃትና የዋንጫው ወርቅ ነው። ከሜዳው ርቆ፣ ጠረጴዛና ማኅተም ባለበት ክፍል ተቀምጦ ገንዘቡን የሚያዝዘው፣ ውሉን የሚፈርመው፣ አሠልጣኙን የሚሾመውና የሚሽረው ሰው እንዴት እንደ ተመረጠ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን የዚህን ሰው አመራረጥ የሚመለከት ይሆናል። ለምሳሌ የመረጥነውም የብራዚልን የመረብ ኳስ ኮንፌዴሬሽን ነው። ምክንያቱም ያ አገር በዚህ ጨዋታ ከዓለም ጎልቶ ከመውጣቱም በላይ፣ የአለቆቹ ታሪክ ከድሉ ታሪክ ጋር ተጠላልፎ ስለሚገኝ ነው። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መረብ ኳስን በ1895 ዓ.ም. የፈጠሩት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሆልዮክ በተባለች ከተማ፣ በአማርኛ ወ.ወ.ክ.ማ. እየተባለ በሚጠራው ማኅበር የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር የነበሩት ሚስተር ዊልያም ሞርጋን ናቸው። ያሰቡትም ለወጣቶች አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ገፋ ላለ፣ የቅርጫት ኳስ ሩጫና ግፊያ ለሚከብዳቸው የሥራ ሰዎች ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ለሚውል ሰው የታሰበ ጨዋታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አሜሪካኖች በ1928 ዓ.ም. ብሔራዊ የመረብ ኳስ ማኅበር ሲያቋቁሙ ዶክተር ጆርጅ ፊሸርን ፕሬዚዳንት አደረጉ፤ እኚህም ሰው እስከ 1952 ዓ.ም. ከወንበሩ አልወረዱም። በሚያዝያ ወር 1947 ዓ.ም. ደግሞ አሥራ አራት አገሮች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን መሠረቱ። ከአፍሪካ ግብፅ፣ ከደቡብ አሜሪካ ብራዚልና ኡራጓይ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። የፈረንሳዩ ሙሴ ፖል ሊቦ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስም 37 ዓመት መሩ። በተመረጡበት ቀን የተወለደ ሕፃን እርሳቸው ሲሰናበቱ የልጆች አባት ለመሆን በቂ ጊዜ አግኝቷል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ አስተዳደር ውስጥ ረጅም ዘመን መቀመጥ ከመጀመሪያው የተለመደ ነገር እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

የብራዚል መረብ ኳስ ኮንፌዴሬሽን በነሐሴ ወር 1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱን የመምረጥ ሥልጣን የተሰጠው ለየክፍለ ግዛቱ ፌዴሬሽኖች ነበር። ይህ አሠራር በወረቀት ላይ ሲታይ ተገቢ ነው፤ ከአማዞን ዳር እስከ ደቡብ ጠረፍ ያለው ክፍለ ግዛት ሁሉ በጉዳዩ ድምፅ ያገኛልና። ነገር ግን አንድ ችግር በውስጡ ይዟል። ፕሬዚዳንቱ ውድድር የሚመድበው፣ ርዳታ የሚያከፋፍለው፣ ልዑካንን ወደ ውጭ አገር የሚልከው ለእነዚሁ ፌዴሬሽኖች ነው። ሰጪው ተመራጭ፣ ተቀባዩ መራጭ ሲሆን በወንበሩ ላይ ያለውን ሰው የሚፎካከር እጩ ባዶ እጁን ነው የሚቀርበው። በሜዳ ላይ የሚደክመው ተጫዋች ደግሞ በምርጫው ቀን ከውጭ ቆሞ ውጤቱን ይሰማ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ካርሎስ አርቱር ኑዝማን ሲመረጡ ገና 35 ዓመት ያልሞላቸው የሕግ ሰው ነበሩ። ጨዋታውንም በሩቅ አያውቁትም፤ መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ በገባበት በ1964 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ለአገራቸው ተሰልፈዋል። በዚያ ዘመን ብራዚል ማለት እግር ኳስ ማለት ነበር፤ መረብ ኳስ የትምህርት ቤትና የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ኑዝማን ይህን የለወጡት በሁለት ነገር ነው፤ በንግድ ድርጅቶች ገንዘብና በቴሌቪዥን። የኢንሹራንስ ኩባንያው አትላንቲካ ቦዋቪስታና የመኪና ጎማ ሠሪው ፒሬሊ በስማቸው የሚጠሩ ቡድኖች አቋቋሙ። ተጫዋቹም ከሥራው ሰዓት እየሰረቀ መለማመዱ ቀርቶ በጨዋታው የሚተዳደር ሰው ሆነ። ፍሬው ብዙም አልዘገየም፤ በ1982 ዓ.ም. በአርጀንቲና በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የወንዶቹ ቡድን ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የሆነችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ነገር ዛሬም ለሰሚው ያስገርማል። ሐምሌ 26 ቀን 1983 ዓ.ም. ኑዝማንና ባልደረቦቻቸው የሶቪየት ኅብረትን ቡድን ጋብዘው፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በሚገኘው በማራካና የእግር ኳስ ስታዲዮም መካከል ሜዳ አሰናድተው፣ ጣራ በሌለበት በምሽት አጫወቱ። ዝናብ ዘነበ፤ ወለሉ ራሰ፤ ተጫዋቾቹ እየተንሸራተቱ ተቸገሩ። ሕዝቡ ግን አልተበተነም። የተመልካቹ ቁጥር 95,887 ሆኖ ተመዘገበ። ብራዚልም 3 ለ 1 አሸነፈች። በዝናብ ውስጥ ተቀምጦ መረብ ኳስ የሚያይ ይህን ያህል ሕዝብ ከዚያ በፊት የትም አልታየም ነበር፤ ከእግር ኳስ በቀር ሌላ አይወድም የተባለው አገር በአንድ ሌሊት ሌላ መልክ አሳየ። በዓመቱ በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይኸው ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ በአሜሪካ ተሸነፈና የብር ሜዳይ አገኘ። የአሜሪካ አሠልጣኝ የነበሩትን የሚስተር ዳግ ቢልን ስም አድማጮቻችን ቢይዙት መልካም ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን። በ1992 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በጆዜ ሮቤርቶ ጊማራይስ አሠልጣኝነት ብራዚል ሆላንድን አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ይህም አገሪቱ በቡድን ጨዋታ ያገኘችው የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቅ ነበር። እግር ኳሱ እንኳ በዚያን ጊዜ ይህን አላገኘም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይሽረዋል? ኑዝማን ሃያ ዓመት ተቀመጡ። በግድ የያዙት ወንበርም አልነበረም፤ ሥራቸው እየታየ በድምፅ ነው የቆዩት። እኔም ይህን ስመለከት፣ ረጅም ሹመት የሚመነጨው ከክፉ ሹም ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት ለመቀበል እቸገራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመልካም ሹም ነው። መልካሙ ሹም ሃያ ዓመት ሲቀመጥ ግን በጥንቃቄ መምረጥ የሚባለው ልማድ ይጠፋል፤ ስብሰባው ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ምርጫ ግን አይደረግም። በመሥሪያ ቤት ማኅበርም ሆነ በሰፈር ዕድር ይህን የሚመስል ነገር ያላየ አድማጭ ያለ አይመስለኝም።

በ1995 ዓ.ም. ኑዝማን የመረብ ኳሱን ትተው የብራዚል ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያም 22 ዓመት ቆዩ። በ2009 ዓ.ም. የ2016ን ኦሎምፒክ ለሪዮ ያስገኙት እርሳቸው ናቸው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ያንኑ ኦሎምፒክ ለማግኘት ድምፅ በገንዘብ ተገዝቷል በሚል ክስ ተያዙ፤ በዚያው ወርም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2021 ዓ.ም. የተፈረደባቸውን ፍርድ በ2024 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት ሽሮታል። ስለዚህ የሰውዬውን ጥፋተኛነት እኛ የምንበይነው አይደለም።

ከኑዝማን በኋላ የመረብ ኳሱ ታሪክ ከአሪ ግራሳ ስም ጋር የተያያዘ ነው። በእርሳቸው ዘመን ድሉ ከቀድሞው ይልቅ በዛ። ወንዶቹ በ2004 ዓ.ም. አቴና ላይ፣ ሴቶቹ በ2008 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይና በ2012 ዓ.ም. ለንደን ላይ ወርቅ አገኙ። ሳኳሬማ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማም ለብሔራዊ ቡድኖች ማሠልጠኛ ማእከል ተሠራ። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዋናው ደጋፊ ባንኮ ዶ ብራዚል ነበር፤ ይህም ባንክ የመንግሥት ድርሻ የሚበዛበት በመሆኑ ወደ ኮንፌዴሬሽኑ የሚገባው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነበር ለማለት ይቻላል።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አናሃይም በተደረገው ጉባኤ የዓለም ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ለምርጫ ቀረበ። እጩዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የብራዚሉ ግራሳ፣ የአውስትራልያው ክሪስ ሻክት፣ እንዲሁም ቀደም ብለን የጠቀስናቸው፣ በ1984 ዓ.ም. ብራዚልን ያሸነፈውን ቡድን ያሠለጠኑትና ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካን መረብ ኳስ ያስተዳድሩ የነበሩት ዳግ ቢል። ከ28 ዓመት በኋላ የሁለቱ አገሮች ፍጻሜ በድምፅ መስጫ ሳጥን ተደገመ ማለት ነው። በዚህኛው ብራዚል አሸነፈች። ግራሳ ግን የዓለሙን ወንበር ሲይዙ የአገራቸውን ወንበር ፈጽመው አልለቀቁም፤ በፈቃድ ላይ እንዳሉ ተቆጥሮ ምክትላቸው ዋልተር ፒቶምቦ ላራንጄይራስ ተተክተው ይሠሩ ጀመር።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ የብራዚል ጋዜጠኛ ከኮንፌዴሬሽኑ ጋር የተደረጉትን ውሎች መርምሮ በተከታታይ አስነበበ። ለኃላፊዎቹ ቅርበት ላላቸው ኩባንያዎች ክፍያ ተፈጽሟል የሚል ነበር። በመጋቢት ግራሳ የብራዚሉን ፕሬዚዳንትነት ለቀቁ፤ ክሱን ግን አልተቀበሉም። በታኅሣሥ ወር የመንግሥቱ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት የራሱን ምርመራ አውጥቶ 30 ሚሊዮን ሬያል ገደማ የሚሆን ክፍያ አጠያያቂ ሆኖ ማግኘቱን ገለጸ። ባንኩም ገንዘብ መስጠቱን ለጊዜው አቆመ። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ የተናገሩት ተረት በምጸት እንጂ በምክር አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ግን ነገሩን በምጸት ሊያልፉት አልፈለጉም። ባገኙት ሜዳሊያ ስም የተሰበሰበው ገንዘብ የት እንደ ገባ በአደባባይ ጠየቁ።

በዚህ ላይ የቀን ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሕግ የወጣው ከዚህ ነውር በኋላ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን ቀድሞ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በወጣው በቁጥር 12,868 ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥትና ከመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ የሚቀበል ማናቸውም የስፖርት ማኅበር ፕሬዚዳንቱ ከአራት ዓመት ለማይበልጥ ዘመን እንዲመረጥ፣ ዳግመኛም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመረጥ ተደነገገ። ስፖርተኞችም በማኅበሩ ሸንጎና በምርጫው እንዲካፈሉ ታዘዘ። የሕጉን ብልሃት ተመልከቱ። ማኅበሩ የወደደውን ሰው ለሃምሳ ዓመት ሊሾም ቢፈልግ አይከለክለውም፤ የሚከለክለው የሕዝብን ገንዘብ ነው። በማኅበሩ የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ገባህ እንዳይባል መንግሥት በሩን አልሰበረም፤ ቦርሳውን ዘጋ እንጂ።

ይህን ሕግ በየምክር ቤቱ ደጅ እየጠኑ ካስገኙት ስፖርተኞች አንዷ የመረብ ኳስ ተጫዋች የነበሩት አና ሞዘር ናቸው። እርሳቸው በ1996 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የብራዚል ሴቶች በመረብ ኳስ የመጀመሪያቸውን የኦሎምፒክ ሜዳይ፣ ነሐሱን፣ ባገኙ ጊዜ በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። ጉልበታቸው ቆስሎ ጨዋታውን ካቆሙ በኋላ ከእግር ኳሰኛው ከራይና ከሌሎች ስፖርተኞች ጋር በማኅበር ተደራጅተው፣ ለምክር ቤት አባሎች አንድ ቀላል ጥያቄ ያቀርቡ ነበር፤ እኛ እየተጫወትን የምናቆማቸውን ማኅበሮች ማን እንደሚመራቸው ለምን አንጠየቅም የሚል።

ሕጉ ሁሉን ነገር አላስተካከለም። ግራሳ ሲለቁ ወንበሩ የተላለፈው ለምክትላቸው ነው፤ መራጮቹ ፌዴሬሽኖች እንደ ቀድሞው ናቸውና። ከዚያም በኋላ የወንዶቹን ብሔራዊ ቡድን በሲድኒ ኦሎምፒክ ያሠለጠኑት ራዳሜስ ላታሪ ወደ ፕሬዚዳንትነቱ ወጡ። አሜሪካኖቹ በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ የእነርሱን መረብ ኳስ የሚያስተዳድረው ዋና ሥራ አስኪያጅ በቦርድ ተመርምሮ የሚቀጠር ሹም ነው። በ2024 ዓ.ም. ከፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላ የመረጡትም ቡድናቸውን ለነሐስ ያበቁትን አሠልጣኝ ጆን ስፔሮን ነው። ይህ አሠራር ድምፅ ልመናን ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ ቦርዱን ማን ይመርጠዋል የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም፤ እኔ በበኩሌ ዘመኑ የተወሰነ ሹመት ካልተጨመረበት ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ እንደሚያደርሱ አምናለሁ።

አና ሞዘር በጥር 2023 ዓ.ም. የብራዚል የስፖርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። የተሾሙትም በፓርቲ ሳይሆን በሞያቸው ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ፕሬዚዳንት ሉላ በምክር ቤት ድምፅ ማሰባሰብ አስፈልጓቸው ሚኒስቴሩን ለሌላ ፓርቲ እንደራሴ ለአንድሬ ፉፉካ ሰጡ፤ አና ሞዘርም በዘጠነኛው ወራቸው ከቢሯቸው ወጡ።