የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ እና የፕሪዮን በሽታ፦ «ፖዘቲቭ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መርሳት፣ ሚዛን መሳትና የሰውነት መንዘር ሲጀምረው ሐኪሞች ከሚጠረጥሯቸው በሽታዎች አንዱ ክሮይትስፌልት-ያኮብ ነው። በሽታው የሚመጣው ፕሪዮን ከሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ ፕሪዮን ጤነኛውን ፕሮቲንም እንደ ራሱ ያበላሻል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢሆንም የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። አብዛኞቹ ታማሚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። በዚህ ጽሑፍ በሽታውን ለመለየት የሚረዱ ሁለት የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራዎችን እንመለከታለን።

ፈሳሹ የሚቀዳው ከታችኛው ጀርባ በመርፌ ነው። ብዙዎች «ሽባ ያደርጋል» ብለው ይፈራሉ፤ ነገር ግን መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ራስ ምታት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ 14-3-3 የተባለውን ፕሮቲን ይፈልጋል። ይህ ፕሮቲን በጤነኛ የአንጎል ሕዋሳት ውስጥም አለ፤ ሕዋሳቱ በፍጥነት ሲሞቱ ግን ወደ ፈሳሹ ይወጣል። በመሆኑም በስትሮክ፣ በአንጎል ኢንፌክሽን ወይም በሚጥል በሽታ ምክንያትም ሊጨምር ይችላል። እዚህ ላይ «ፖዘቲቭ» ማለት አንጎል እየተጎዳ ነው ማለት እንጂ ፕሪዮን ተገኘ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው አርቲ-ኩዊክ ይባላል። የታማሚው ፈሳሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተዘጋጀ ጤነኛ ፕሮቲን ጋር ተቀላቅሎ ይናወጣል። ፕሪዮን ካለ ጤነኛው ፕሮቲን እየተበላሸ ይከማቻል፤ ይህም በሚያበራ ቀለም ይታያል። በዚህ ምርመራ በሽታው የሌለበት ሰው ፖዘቲቭ የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ኔጌቲቭ ውጤት ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ የተወሰኑ ታማሚዎች ያመልጡታል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የአንጎል ናሙና ምርመራ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከሞት በኋላ ነው። ጀናዛውን ሳያዘገይ ለመቅበር ለሚሻ ቤተሰብ፣ በሕይወት እያለ የሚገኝ አስተማማኝ መልስ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ይህን በሽታ የሚመስሉ ነገር ግን የሚታከሙ ሕመሞች አሉ፤ የሰውነት መከላከያ በአንጎል ላይ ሲነሳ የሚመጣ ብግነትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር እንዲጠይቅ እንመክራለን፦ ፖዘቲቭ የሆነው የትኛው ምርመራ ነው? የሚታከሙት ምክንያቶችስ በሙሉ ታይተዋል?