«ባዕድ» የተባለው ባለ አገር፦ ስለ ኢሬቻና ስለ አማርኛ አቻዎቹ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ በመስከረም መገባደጃ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው የሚፈጽመውን ተግባር ኦሮምኛ በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ኢሬቻ ይለዋል። ሰውየው ሣሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ክረምቱን በሰላም ስላሳለፈው ፈጣሪውን ዋቃን ያመሰግናል። አማርኛ ተርጓሚ ግን ይህን ቃል ሲያገኝ ከሦስት አሮጌ መጠሪያዎች አንዱን ማንሣት ይቀናዋል፤ እነርሱም «አረማዊ»፣ «ጣዖት አምልኮ» እና «ባዕድ አምልኮ» ናቸው።

«አረማዊ» ወደ ግእዝ የገባው ከሶርያ ልሳን ነው። ቃሉ በመሠረቱ የነገድ ስም፣ ማለትም አራማዊ፣ ሲሆን ሶርያውያን ክርስቲያኖች ላልተጠመቀው ወገናቸው መጠሪያ አደረጉት። አማርኛ ከዚሁ ሥር ያገኘው «አረመኔ» ደግሞ ከሃይማኖት ወደ ጠባይ ተሻግሮ ዛሬ በቅድሚያ ጨካኝን ያመለክታል። የላቲኑ «ፓጋኑስ»ም መነሻው ባላገር ማለት ነበር፤ ይሁን እንጂ የእኛን ያህል ርቆ አልሄደም። ስለዚህ የአውሮፓን ጥንታዊ የወቅት በዓላት የሚተረጕም ሰው እንኳ «የአረመኔዎች በዓል» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው።

ስለ «ጣዖት» ብዙ ማለት አያሻም፤ በኢሬቻ የሚሰገድለት ምስል የለም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው «ባዕድ» ነው። ባዕድ ማለት እንግዳ፣ ከውጭ የመጣ፣ ዘመድ ያልሆነ ማለት ነው። እንጦጦና ወጨጫ በሚታዩበት አገር፣ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ወንዝ ዳር የሚቀርብ ምስጋና በምን መለኪያ ባዕድ ይሆናል? ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር የመረጠው ስም «ዋቀዮ» ነው። ወንጌላዊው ተርጓሚ ስሙን ለአምላኩ ብቁ ሆኖ ካገኘው፣ በዚያው ስም የሚቀርበውን ምስጋና የባዕድ ማለት በመዝገበ ቃላት ሥራ የሚያስኬድ አይደለም።

አማርኛም ቢሆን ከዚህ ዓለም የራቀ አይደለም። «አድባር» በግእዝ የ«ደብር» ብዙ ቍጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። በአማርኛ ግን የቦታ ጠባቂ መንፈስ፣ እርሱም የሚያድርበት ዛፍ ሆኗል። «አቴቴ»ም በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት፤ ቡራዩ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበት ስፍራ መልካ አቴቴ ይባላል።

የወቅቱም ስም ጥንቃቄ ይሻል። የመስከረሙን ኢሬቻ ኦሮምኛ «ኢሬቻ ብራ» ይለዋል። ይህን የእንግሊዝኛውን መንገድ ተከትሎ «የጸደይ በዓል» ማለት ተለምዷል፤ በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን፣ ክረምት መስከረም 25 አብቅቶ የሚገባው መጸው ነው። በ2012 ዓ.ም. ሆራ ፊንፊኔ ከረጅም ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ ሲከበር ዕለቱ መስከረም 24 ነበር፤ የክረምቱ መውጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ደግሞስ አማርኛ ራሱ «ብራ» እያለው፣ ሰማዩ ጠራ ለማለት «ብራ ሆነ» እያልን፣ ሌላ ቃል ፍለጋ ለምን እንደክማለን? (ቃሉን ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆየን።)

ነገሩ የቃላት ቅንጦት ብቻ አይደለም። ወደ ወንዝ ከሚወርዱት ብዙዎቹ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ሲሆኑ ኢሬቻን እንደ ባህል ያከብሩታል፤ ለዋቄፈታው ግን እምነቱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ለእያንዳንዱ ሰው ሰጥቷል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህም በሁለቱ ቋንቋዎች የሚጻፈው ጽሑፍ ብዙ ነው፤ በአንዱ «ዋቄፈና» የተባለው እምነት በሌላው «ባዕድ አምልኮ» ሆኖ ከተገኘ ባለጉዳዩ በገዛ አገሩ በጽሑፍ እንግዳ ተደረገ ማለት ነው።

ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ረቂቅ የሚከተለው ነው፦ ኢሬቻ (ስም፣ ከኦሮምኛ)፤ ክረምት ወጥቶ ብራ ሲሆን በውሃ ዳር ለምስጋና፣ ዝናብ በሚጠበቅበት ጊዜ ደግሞ በተራራ ላይ ለልመና፣ እርጥብ ሣር ተይዞ ለዋቃ የሚከበር በዓል።