የቮልስዋገኗ ዕለት ዜና

ጠጅ ሲከርም ይበረታል፤ ዜና ሲከርም ግን ያስቃል። በጊዜው ሰውን ከመኝታው ያስነሣ፣ ግማሹን እልል ያሰኘ፣ ግማሹን ያስደነገጠ ዜና ከዓመታት በኋላ ገልጠው ሲያዩት የቀልድ መጽሐፍ ይመስላል። ለዚህ ምስክር ከተፈለገ ሐሙስ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ይጠራ። አዲስ ዓመት በገባ በማግሥቱ፣ የበዓሉ ዶሮ ከድስት ሳያልቅ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የ44ኛ ዓመት የዘውድ በዓላቸው ሊከበር 7 ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው ነው። በዘመነ መንግሥታቸው፣ በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥን በዕለተ እንቁጣጣሽ ምሽት ጉድ ይዞ ብቅ አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያነሣው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳይ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ ታየ። ጃንሆይም እንዲመለከቱት ተነግሯቸው ነበር ይባላል።

ሲነጋ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገቡ። ሻለቃ ደበላ ዲንሳ የሥዩመ እግዚአብሔርን መሻር የሚገልጸውን ወረቀት አነበቡ። የ82 ዓመቱ አዛውንት ከደጅ ሲወጡ የጠበቀቻቸው አንዲት ቮልስዋገን ናት። መቼም ይህች መኪና ሁለት በር ብቻ ስላላት፣ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ፣ ገቢውም ጎንበስ ማለት አለበት። ሰው ሁሉ ሲጎነበስላቸው የኖሩት ንጉሠ ነገሥት በተራቸው ለቮልስዋገን ጎነበሱ። ከሮልስ ወደ ቮልስ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፤ ጉዞው ግን ከቤተ መንግሥት እስከ 4ኛ ክፍለ ጦር ሆነ። ትናንት መኪናቸው ሲያልፍ እጅ ይነሣ የነበረው መንገደኛ ያን ዕለት «ሌባ! ሌባ!» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ከዚያ ራዲዮው ተከተለ። ሕዝቡ መጀመሪያ የገረመው በስሙ ነው። «ደርግ» የሚባል፣ ከግዕዝ መዝገበ ቃላት ተቆፍሮ የወጣ ቃል ከየት መጣ? ኮሚቴ ማለት መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ቀን ፈጀ፤ ሌላውን ትርጉሙን ለመረዳት ደግሞ 17 ዓመት። ሙሉ ስሙ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ነበር። እባካችሁ «ጊዜያዊ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ይህች ጊዜያዊነት እስከ 1980 ዓ.ም. መባቻ፣ 13 ዓመት ዘለቀች። ጊዜያዊው እንዲህ ከሆነ ቋሚው ምን ሊሆን ነበር?

አዋጅ ቁጥር 1 ሌላም ጉድ ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሳይጨርስ ልጃቸውን አነገሠ። አልጋ ወራሽ መርድ አዝማች አስፋ ወሰን ለሕክምና ስዊዘርላንድ ነበሩና ሲመለሱ ዘውድ ይጭናሉ ተባለ፤ ለዚያውም በአስተዳደርና በፖለቲካ ሥልጣን የሌለው ንጉሥ ሆነው። አልጋ ወራሹ አልመጡም። ያልተጫነው ዘውድም በዚያው ዓመት መጋቢት በሌላ አዋጅ ተሻረ።

ፓርላማው ተዘጋ፣ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ አድማና ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከለከለ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» በሚለው መፈክር ላይ ማሤርም ወንጀል ሆነ። በሰው ላይ ይታሤራል፤ በመፈክር ላይ እንዴት እንደሚታሤር አዋጁ አላብራራም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ቀልድ ግን «ያለ ምንም ደም» የሚለው ነው። በ72ኛው ቀን፣ ኅዳር 14፣ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። መስከረም 2 ቀን የደርጉ ሊቀ መንበር የተባሉት ሌፍተናንት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ደሙን የቆጠረ የለም።

የወጣው ወጥቶ፣ የወረደው ሲወርድ ስም መለወጥ ያላስፈለገው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ የጀመሩትን ዘመን ለማብሠር የተሰየመ ነበር። በ1967 ደግሞ የእሳቸው ዘመን አሮጌ ሆኖ ሌላ አዲስ ዘመን መጣ። ስሙ ለሁሉም ይበቃል።

ይህን ሁሉ ስናነብ ብንስቅ አያስነውርም። ግን ያን ዕለት «ሌባ» ያለው ሕዝብ በከንቱ አልተቆጣም። ፊልሙ ተቀነባብሮ ይሆናል፤ የወሎ ሰው ግን በእርግጥ ሞቷል፣ ሞቱም ተደብቋል። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ከያዘው ክስ ሁሉ እውነቱ ይህ ነበር። ታዲያ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ምን ሆነ? የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍ፣ በሐውልትና በድግስ ተከበረ። ወሎና ትግራይ ደግሞ በረሃብ እያለቁ ነበር፤ የበዓሉ ዜና ግን ስለ እነሱ ዝም አለ። በጥቅምት የኮረምን ጉድ ለዓለም ያሳየው እንደገና የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። ከሳሹ በተከሰሰበት ወንበር ተቀመጠ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አባቶቻችን ቴሌቪዥን ሳይኖራቸው ይህን አይተዋል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ከአልጋ ሥር አሮጌ ጋዜጣ ካላችሁ በርበሬ ከመጠቅለላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ገልጣችሁ አንብቡት። «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ካገኛችሁ ዓመቱን ቁጠሩ። ስለ ድግስ የሚያወራ ገጽ ካገኛችሁም ያን ቀን በሌላው አገር ሰው ምን በልቶ እንዳደረ ጠይቁ።