ከመስመሩ ወዲያ ማን አለ?

ሥራ የለቀቀ፣ አገር የቀየረ፣ ትዳሩ የፈረሰ ወይም ወላጁን የቀበረ ሰው ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን ከፍቶ ከማያውቀው ቴራፒስት ጋር ቀጠሮ ሊይዝ ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን የኮሮና ዘመን ፈጠራ አድርገን ነው የምናየው። ወረርሽኙ ግን ነገሩን አስፋፋው እንጂ አልጀመረውም። ሰው ጭንቀቱን ፊቱን ለማያየው ባለሙያ መንገር የጀመረው ኢንተርኔት ከመምጣቱ ብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። መሣሪያው በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ተመልሰው ይመጣሉ፦ ከመስመሩ ወዲያ ማን አለ? የነገርኩትስ የት ይሄዳል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በደብዳቤ እንጀምር። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ «ትንሹ ሃንስ» ብሎ ስለሰየመው የአምስት ዓመት የቪየና ልጅ ይተርካል። ልጁ ታናሽ እህት ተወልዳለታለች፣ የቤቱ ኑሮ ተለውጦበታል። ቆይቶ ደግሞ ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት ፈራ፤ ያኔ ቪየና መንገዷ ሁሉ የፈረስ ጋሪ ነው። የሚገርመው ግን፣ ፍሮይድ በሕክምናው ጊዜ ልጁን ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። የቀረውን የሠራው አባትየው ነው። ልጁ ያለውን እየመዘገበ ለፍሮይድ ያደርሳል፣ ምክር ይቀበላል፣ ተመልሶ ልጁን ያወራዋል። ፍሮይድ ለፍርሃቱ የሰጠውን ትርጓሜ ዛሬ የማይቀበሉት ብዙ ናቸው። ሐኪምና ታካሚ አንድ ክፍል ውስጥ ሳይቀመጡ ሕክምና መሞከሩን ግን ታሪኩ ያሳያል።

ቀጥሎ ስልክ መጣ። በ1953 ቻድ ቫራ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ለንደን መሃል ባለ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ላሰቡ ሰዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ያኔ በእንግሊዝ ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1961 ነው። ሞክሮ የተረፈ ሰው ሊከሰስ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር ስም ሳይናገሩ፣ ፊት ሳያሳዩ ማውራት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ቫራ ሰዎችን የሚያማክረው ራሱ ብቻ እንደሚሆን አስቦ ነበር። ወረፋው ሲበዛ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች ሻይ ያቀርቡ፣ ያጫውቷቸው ጀመር። ብዙዎቹ ከእነሱ ጋር አውርተው ሲጨርሱ ቄሱን ማግኘት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ቫራም ይህንን አይቶ በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከበ። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የእኛ የፕሮግራመሮች ነው። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤምአይቲ ተመራማሪ ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤላይዛ በጣም በሚታወቀው መልኩ እንደ ቴራፒስት ነው የሚያወራው። «ጨንቆኛል» ብትሉት «ከጨነቀህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ዓይነት መልስ ይመልሳል። ውስጡ ምንም ተዓምር የለም፤ ቁልፍ ቃል ይፈልጋል፣ «እኔ»ን ወደ «አንተ» ይገለብጣል፣ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ አድርጎ ይመልሰዋል። ዛሬ አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር ቀለል ያለ ቅጂውን በአንድ ምሽት ሊጽፈው ይችላል።

ታዲያ ዋይዘንባም ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ስታየው የቆየችው ጸሐፊው አንድ ቀን ከኤላይዛ ጋር መጻጻፍ ጀምራ፣ ጥቂት እንደሄደች «እባክህ ክፍሉን ልቀቅልኝ» አለችው። ማሽን መሆኑን በደንብ ታውቃለች! አንዳንድ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችም ነገሩን ወደው፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሰዓት ብዙ መቶ ታካሚ ሊያስተናግድ ይችላል ብለው ጻፉ። ዋይዘንባም ደነገጠ። በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ብሎ ተከራከረ። ሰው ማንም በሌለበትም ቢሆን ልቡን እንደሚከፍት ከሁሉ ቀድሞ አይቷልና ነው። ዛሬ ቻትቦት ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምናፈስሰውን ነገር ስናስብ፣ ክርክሩ ገና አላለቀም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጣም የጠነከረው ፊንላንድ ውስጥ ነው። ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የታካሚዎቹን ማስታወሻ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥ ነበር። የመረጃ ቋቱ በቂ ጥበቃ ሳይደረግለት ኢንተርኔት ላይ ተጋልጦ ስለነበር አንድ ሰርጎ ገብ የ33 ሺህ ገደማ ሰዎችን መዝገብ ወሰደ። በ2020 ድርጅቱን ገንዘብ ጠየቀ። አልሆን ሲለው ወደ ታካሚዎቹ ዞረና «200 ዩሮ በቢትኮይን ካልከፈላችሁ ለቴራፒስታችሁ የነገራችሁት ይወጣል» የሚል ኢሜይል ላከላቸው። በ2024 ተፈርዶበት ታሰረ፤ የተበተነው ምስጢር ግን በፍርድ ቤት ውሳኔ አይሰበሰብም።

ሰርጎ ገብ ሳያስፈልግም ምስጢር ይወጣል። በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን ትልቅ የኦንላይን ቴራፒ ድርጅት የተገልጋዮችን የጤና መረጃ እንደ ፌስቡክና ስናፕቻት ላሉ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ ሥራ አሳልፎ ሰጥቷል ሲል ከሰሰው። ድርጅቱ ጥፋቱን ባያምንም 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ለእኛ ሁለቱም ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን እንተርታለን፣ ወዲያው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ይህ ዝም ብሎ ግትርነት አይደለም፤ የተናገሩት ነገር ዞሮ ሰፈር እንደሚደርስ ከማወቅ የመጣ ጥንቃቄ ነው። ኦርቶዶክሱ ቤት የንስሐ አባት የሚታመኑት የሰሙትን እንዳያወጡ ሥርዓታቸው ስለሚያስራቸው ነው። የሚሰማው ማን እንደሆነና በምን እንደታሰረ ይታወቃል።

ከአገር ርቆ ለሚኖር አበሻ ችግሩ እጥፍ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው አማርኛ የሚሰማ ባለሙያ በአካባቢው ቢያገኝ እንኳ፣ ባለሙያው የአክስቱ ማኅበርተኛ ሊሆን ይችላል። በባዕድ ቋንቋ ልናገር ካለ ደግሞ «ሆዴ ባባ» የሚለውን እንዴት አድርጎ ይተርጉመው? ቃል በቃል ካለው ስለ ጨጓራው ነው የሚጠየቀው። በሌላ ከተማ ያለ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ዘመዶቹን የማያውቅ ቴራፒስት በስክሪን ማግኘት ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እዚህ ላይ ርቀቱ ራሱ ይጠቅማል።

ስለዚህ ኦንላይን ቴራፒ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ስለ መተግበሪያው ማማር ከመጨነቃችሁ በፊት በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የሚመልስልኝ ሰው ነው ወይስ ፕሮግራም? ስሙ ማነው፣ ፈቃዱን ማን ሰጠው? የምናወራው የት ይቀመጣል፣ ማን ያነበዋል፣ እንዲጠፋልኝ ብጠይቅ ይጠፋል? ደህና ባለሙያ በእንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀየምም። ቢቀየም ግን ሌላ ፈልጉ፤ የሰማውን የሚጠብቅ ሰው ማዶ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ ሆዳችሁን አትክፈቱ።